እሴት የማይጨምሩ እጆች

«ከሰኞ ጀምሮ እዚህ መቀመጥ የለም። እኔ አይደለሁም ያልሁት፤ በጥናት ተረጋግጧል» አለ የዓሣ ማውረጃው ጥበቃ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት በሁለት እጁ ዘርግቶ። ሴቶቹ ቢላቸውን አላስቀመጡም። ጀልባዎቹ ዓሣ ከሚያራግፉበት የሐይቁ ጥግ፣ ከትልቁ ሾላ ሥር፣ አሥራ አምስት ያህል ሆነው ጣውላ በድንጋይ ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ፤ የቀረሶውንና የአምባዛውን ቆዳ ይገፍፋሉ፣ አጥንቱን ያወጣሉ፣ ፊሌቶውን ለሆቴልም ለቤትም ይሸጣሉ። ዶክተር ይትባረክ ሁለት ኪሎ ሊገዛ ተራ ይዞ ቆሟል። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው፤ ዋጋው ወጥቶ ወጥቶ ኪሎው አምስት መቶ ሃምሳ ደርሷል። ቢሆንም ሚስቱ አገርነሽ፣ ከንግግሩ በኋላ ባልደረቦቹ ምሳ ሊመጡ ይችላሉ ብላ በጠዋት ልካዋለች። ሐሳቡ ያለው አራት ሰዓት ላይ በሚያደርገው ንግግር ላይ ስለነበር ጆሮውን የሰጠው ጥበቃው ማንበብ ሲጀምር ነው። «በዓሣ አቅርቦት ሰንሰለት ውስጥ ጊዜና ዋጋ ከመጨመር በስተቀር…» አለና ጥበቃው ቃሉ ከብዶት ቆመ። «እሴት የማይጨምሩ እጆች» ብሎ ይትባረክ በሆዱ ጨረሰለት። ዓረፍተ ነገሩ የራሱ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለዶክትሬቱ ሲጽፍ፣ ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ «መካከለኛ ነጋዴዎች» ከሚል «እጆች» ቢል ያምራል ብሎ ረጅም ጊዜ አስቦበት ነበር።

ተራው ደረሰ። ፊሌቶውን የመዘነችለት ሴት አርባ ዓመት ያለፋት፣ ሰማያዊ ሒጃቧን ከአገጯ በታች በመርፌ ቁልፍ ያያዘች፣ ጣቶቿ በቅርፊት የተጫጫሩ ናት። ላስቲኩን እያሰረች ቀና ብላ አየችውና «እርስዎን አውቅዎታለሁ» አለችው። «ከዓመታት በፊት ተማሪ አስከትለው መጥተው ጠይቀውኝ ነበር። ሐቢባ እባላለሁ።»

«ምን ጠየቅሁሽ?»

«አንዱ ዓሣ እጄ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ። ስድስት አልሁዎት። ጻፉት። ከዋጋው በቀር ሌላ አልጠየቁኝም።» ለወቀሳ አልነበረም፤ ያስታወሰችውን መናገሯ ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ዶክተር። ያን ጥናት ያጠናውን ሰው ቢያውቁት፣ መጥቶ አንድ ቀን ብቻ እዚህ ይዋል ይበሉልኝ» አለችው።

«እጠይቃለሁ» አለ ይትባረክ። ገንዘቡን ሰጣት፣ ላስቲኩን አንጠለጠለ፣ ባጃጅ ወደሚቆምበት ሄደ። ነዳጅ ከጠፋ ሳምንት ስላለፈው ባጃጅ አልነበረም። ሹም አቦ ሰፈር ድረስ በእግሩ ሲሄድ፣ ከዘንባባዎቹ ሥር በተሰቀለው ሰንደቅ ላይ የራሱን ስም አየ፤ «የአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር የወደፊት ዕጣ — ዋና ተናጋሪ ዶ/ር ይትባረክ» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሮ ስሙ በሰንደቅ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ዳግም ቀና ብሎ ሳያየው አለፈ።

ቤታቸው በአንድ ግቢ ከሦስት ተከራይ ጋር የሚኖሩበት፣ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ጓዳ ያለው ነው። ጓዳዋ ድሮ የመጻሕፍት ክፍል ትባል ነበር። ጤፍ ኩንታሉ አሥራ አራት ሺህ ሲገባ አገርነሽ ከእህቷ ጋር ተካፍላ ሁለት ኩንታል ገዛችና ሌላ ማስቀመጫ ስላልነበረ እዚያው ከተተችው፤ መጻሕፍቱ በካርቶን ሆነው ከጤፉ ጀርባ ገቡ። ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። እሱ አንድ ቀን ገብቶ አየ፣ ወጣ፣ በማግሥቱ ኮምፒውተሩን አልጋው ጠርዝ ላይ አድርጎ መሥራት ጀመረ። አገርነሽ በጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ዛሬ ለእሱ ስትል የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳለች። ሸሚዙን ተኩሳ ወንበር ላይ አንጠልጥላለች። ሙሉ ፕሮፌሰርነቱ በዚህ ወር ከጸደቀ በዩኒቨርሲቲው መኖሪያ ሕንፃ ላይ ተራ ይደርሳቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ የሚወጣበት፣ ለብቻ የሚዘጋ በር ያለው ሦስት ክፍል። አገርነሽ እዚያ ሕንፃ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የነርስ ጓደኛዋን ልትጠይቅ ሄዳ ገብታለች። ስትመለስ ያለችው «ቧንቧውን ስትከፍተው ወዲያው ነው የሚወርደው» ብቻ ነበር።

ይትባረክ ዓሣውን አቀበላትና ሸሚዙን ሳይለብስ ጓዳ ገባ። ኩንታሎቹን በትከሻው እየገፋ፣ ካርቶኖቹን እየጎተተ፣ «መስክ» ብሎ የጻፈበትን አገኘ። መጠይቆቹ ጠርዛቸው በአይጥ ተበልቷል። ከሠላሳ አንዱ ሴቶች መካከል ሐቢባ አሥራ አራተኛዋ ናት። ደቂቃ፣ ስድስት። የተገዛበት ዋጋ፣ የተሸጠበት ዋጋ። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ማንም በማይሞላው «ሌላ ካለ» በሚለው ቦታ፣ አብሮት የነበረው ተማሪ በችኮላ ጽፎበታል፤ «መብራት ሲጠፋ፣ መኪና ሲቀር፣ የተረፈውን ጨው መትተን እናደርቀዋለን እንጂ አንጥለውም ብላለች።» ከሥሩ አንድ በእጅ የተሠመረ ሰንጠረዥ አለ፤ የራሱ ጽሕፈት ነው። በሴቶቹ እጅ ካለፈው መቶ ኪሎ የሚበላሸው አራት። በትልልቆቹ መጋዘኖችና መኪኖች ካለፈው መቶ ኪሎ የሚበላሸው አሥራ ዘጠኝ።

አልረሳውም ነበር። ሰው የሚረሳው ነገር እንዲህ ያለ አይደለም። አማካሪው ያን ጊዜ «ሠላሳ አንድ ሰው ትንሽ ነው፤ ደግሞ መደምደሚያህን ያፈርስብሃል» አለው፤ እሱም መደምደሚያውን ሳይሆን ሰንጠረዡን ከጥናቱ አስወጣ። የመመረቂያው ቀን ቀርቦ ነበር፤ የትምህርት ፈቃዱም አልቋል። ከዚያ ጥናቱ በመጽሔት ታተመ፣ ከእሱም ሦስት ሌሎች ጽሑፎች ተወለዱ፣ በየስብሰባው ተጠቀሰ። የማዕረግ ማመልከቻው የቆመው በእነዚህ ላይ ነው።

«ምን ልትፈልግ ነው ዛሬ? ልብስህን አቧራ አደረግኸው» አለች አገርነሽ ከበሩ ላይ። ነገራት። ረጅም አልነበረም፤ በአምስት ዓረፍተ ነገር አለቀ። ዘጠኝ ዓመት የተሸከመው ነገር ይህን ያህል አጭር መሆኑ ራሱን ገረመው። አገርነሽ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ፣ መጠይቁን ተቀብላ አየችው፣ መለሰችለት።

«እስከ ዛሬ የጠየቀህ አለ?»

«የለም።»

«ዛሬስ ማን ጠየቀህ?»

«ማንም።»

በመዳፏ ከትከሻው ላይ አቧራውን ታራግፍ ጀመር፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ እንደ መምታት። «ቤቱስ?» አለች። ሸሚዙን አምጥታ ሰጠችውና ወደ ዓሣዋ ተመለሰች። ሲወጣ ምድጃው ላይ ዘይት ሲንቻቻ ይሰማል፤ እሷ ግን ዞር አላለችም።

አዳራሹ ከሐይቁ ትይዩ ባለ ሆቴል ነው። ጠረጴዛዎቹ ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ የታሸገ ውኃና ብስኩት ተደርድሯል። መግቢያው ላይ የተቀበለው ጌትነት ነው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረ፣ ካስተማራቸው ሁሉ ፈጣኑ ተማሪው፣ አሁን የሐይቅ ዳር ገበያን የሚያዘምነው ፕሮጀክት ኃላፊ። በሁለት እጁ ጨብጦት «ዶክተር፣ ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው» አለው። ይትባረክ ወደ መስኮቱ ሳብ አድርጎ ስለ ሴቶቹ ጠየቀው። ጌትነት ደነገጠ እንኳን አይባልም፤ ጥያቄው ራሱ ነው ያስገረመው።

«የእርስዎ ምክረ ሐሳብ ነው እኮ። ቁጥር ሦስት፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ የሚመጣውን ዓሣ ሁሉ አንድ ማቀዝቀዣ መኪና ይረከባል፣ አንድ መጋዘን ይገባል፣ ሆቴሎቹ በስልካቸው ያዝዛሉ። መሀል ላይ የሰው እጅ የለም።»

«መንገድ ሲዘጋስ?»

«መንገድ ይከፈታል ብለን ነዋ የምንሠራው።»

«መብራትስ?»

«ጄኔሬተር አለ።»

«ነዳጅስ?» አለ ይትባረክ። ጌትነት ሳቅ ብሎ ሰዓቱን አየ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ዲኑ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ የመድረክ መሪው ስሙን እየጠራ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ስላይዶች እንደ ወትሮው አስኬዳቸው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የነገን ፍላጎት ዛሬ ይተነብያል፤ መጋዘኖች ያለ ሰው ይሠራሉ፤ መድኃኒት በድሮን ይደርሳል። ይህን ንግግር በተለያየ መልኩ ስድስት ጊዜ አድርጎታል፤ አፉ መንገዱን ያውቀዋል። ስድስተኛው ስላይድ የራሱ ሥዕል ነው፤ አምስት ሣጥኖች በቀስት ተያይዘው፣ ሦስተኛውና አራተኛው በቀይ ተሰርዘዋል። እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ። ውኃ ጠጣ፤ ሰዎች ማስታወሻ ለመያዝ ፋታ የሰጣቸው መሰላቸው። «ይህ ሣጥን» አለ ሦስተኛውን እያሳየ፣ «ከዚህ ሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ፣ ሾላ ሥር የተቀመጡ ሴቶች ናቸው። መሰረዝ እንዳለባቸው የሚያሳይ ቁጥር አቅርቤ ነበር። መሰረዝ እንደማይገባቸው የሚያሳይ ቁጥርም ነበረኝ። እሱን አላቀረብሁም።» ሰንጠረዡን አነበበላቸው። አራት፣ አሥራ ዘጠኝ። ለምን ከጥናቱ እንዳስወጣውም ተናገረ፤ አማካሪውን ሰበብ አላደረገም። «እኔ ለካሁ እንጂ አልጠየቅሁም» አለ። «የወደፊቱን ንገረን ብላችሁ ነው የጠራችሁኝ። የወደፊቱን አላውቅም። ትናንት ያጠፋሁትን ግን አውቃለሁ። ነገ የምንሠራውን መኪናም መጋዘንም በትናንት ስሕተቴ ላይ አትሥሩት።»

ጩኸት አልተነሣም። ማንም አልተቃወመም፣ ማንም አልደገፈም። ከኋላ አንድ ሰው ለማጨብጨብ ጀምሮ ብቻውን መሆኑን ሲያይ ተወው። የመድረክ መሪው ማይኩን ተቀብሎ «ለውይይት የሚጋብዝ ሐሳብ ነው» አለና የሻይ ዕረፍት አወጀ። ይትባረክ ስኒውን ይዞ በረንዳው ላይ ቆመ፤ ሁሌ ከበውት የሚቆሙት መምህራን ዛሬ ራቅ ብለው፣ ስለ ስኳር መጥፋት በጣም ተመስጠው ያወራሉ። ዲኑ መጥቶ ክንዱን ያዘው። ሠላሳ ዓመት የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ዶርም ተኝተው ተምረዋል። «ይቱ፣ ምን ሆንህ?» አለው፤ መልስ ግን አልጠበቀም። «ማመልከቻህን ራስህ ብትስበው ይሻላል። ኮሚቴ ፊት ከሚነሣብህ።» ይትባረክ «እሺ» አለ። ዲኑ ክርክር ጠብቆ ኖሮ እጁን ወዲያው አልለቀቀውም፤ ለትንሽ ጊዜ እንዲሁ ያዘው፤ ከዚያ ስልኩ ጠራ።

ጌትነት የመጣው ሰዉ ወደ አዳራሹ ሲመለስ ነው። ፊቱ ቀልቷል፤ አክብሮቱ ግን አልተለየውም፤ ይትባረክን የከበደውም ይኸው ነው። «ፕሮጀክቱን ስጀምር ስንት ጊዜ ደወልሁልዎት? ‹ዶክተር፣ የምጨምረው አለ ወይ› ብዬ ጠየቅሁ። ‹ጥሩ ነው፣ ቀጥል› አሉኝ።»

«አዎ።»

«እያወቁ?»

«እያወቅሁ፣ ጌትነት።»

ጌትነት ወደ ሐይቁ ዞረ። አንዲት ጀልባ ከደሴቶቹ ገዳማት በኩል እየመጣች ነበር፤ እስክትቃረብ ድረስ አያት። «የሚያስነሣቸውን ደብዳቤ ለሦስት ሳምንት ማቆየት እችላለሁ» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ በላይ በእጄ አይደለም። የዘጠኝ ዓመቱን ሳይሆን የዛሬውን ቁጥር ያምጡልኝ። ሴቶቹም፣ መጋዘኑም፣ መኪናውም በእኩል ይለካ። ካልመጣ ግን ይነሣሉ። እኔም አለቃ አለብኝ።» ሊሄድ ሲል መለስ ብሎ «እኔ እርስዎን አምኜ ነው ይህን ትምህርት የመረጥሁት» አለው፤ ሲናገር እንደ ተማሪነቱ ጊዜ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሾላው ሥር ሲደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ገበያው በርዶ አብዛኞቹ ሴቶች ሄደዋል። ሐቢባ ጣውላዋን በአሸዋና በውኃ ትፈትጋለች፤ ወንድሟ አንዋር ጀልባው ውስጥ ጋደም ብሎ መረብ ይጠግናል። ይትባረክ ጫማው እስኪረጥብ ቀርቦ ቆመ። መግቢያ ቃል ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው፤ አሁን ግን ጠፋበት።

«ያ ጥናት የእኔ ነው፣ ሐቢባ።»

እጇ አልቆመም። አሸዋውን ከዳር እስከ ዳር ገፋችው፣ ውኃ ደፋችበት። «ጠዋት ለምን አላሉኝም?»

«አፈርሁ።»

ሁሉንም ነገራት፤ ሰንጠረዡን፣ አዳራሹን፣ ሦስቱን ሳምንት። አንዋር መርፌውን አቁሞ ቀና አለ። ሐቢባ ጣውላውን ግንዱ ላይ አስደግፋ ቢላዎቿን በጨርቅ እየጠቀለለች አዳመጠችው፤ ሲጨርስ የጠየቀችው እሱ የጠበቀውን አልነበረም።

«አራት ብቻ ነው የሚበላሽብን ያሉት፤ ዘጠኝ ዓመት ያውቁት ነበር?»

«አዎ።»

«በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ሁለት ጊዜ አስነሥተውናል። አንዴ በቆሻሻ አሳበው፣ አንዴ በመንገድ ሥራ። ይህን ወረቀት ያን ጊዜ ብናሳያቸው ኖሮ…» አልጨረሰችውም። ወደ ወንድሟ አየች፤ አንዋር ወደ መረቡ ተመለሰ። «ይቅር ብያለሁ አልልዎትም፣ ዶክተር። መምጣትዎ ጥሩ ነው። ሦስት ሳምንቱ ሲያልፍ እንነጋገራለን።»

ይህን በቀጥታ መባሉ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከሰማው ሁሉ የቀለለው እንደሆነ ተሰማው። ነገ ሦስተኛ ዓመቶችን እንደሚያስተምር ነግሮ፣ አንድ ሰዓት ብቻ መጥታ ሥራዋን እንድታስረዳለት ለመናት፤ ለመለካቱም እነሱ ያስፈልጉታል። ሐቢባ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን የደከመው ነው። «እኔ ክፍል ገብቼ ስለ ዓሣ ሳወራ ዓሣውን ማን ይሠራልኛል? እነሱ ይምጡ እንጂ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባው ይገባል። ቆመው እንዳያዩኝ ግን፤ ቁጭ ብለው የሚሠሩ ከሆነ ነው።»

አገርነሽ ከሰዓት በኋላ ሥራ ገብታ እሱ ቤት ከደረሰ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሰች። ዓሣው በሳህን ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማንም አልመጣም፤ እሱም አልነካውም። ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ሁለቱም ቀዝቃዛውን ዓሣ በዳጣ መብላት ጀመሩ። «ማመልከቻውን ሳብሁት» አላት። ማኘኳን አላቆመችም። ከግቢው የአከራይዋ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ የሆነ ሰው ስለ ሆነ ስኬት ያወራል። ይትባረክ አንድ ነገር እንድትለው፣ እንድትቆጣም ቢሆን ጠበቀ። እሷ እሾህ ከአፏ አውጥታ የሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። «ዛሬ ጤና ጣቢያ የደም ግፊት መድኃኒት አልመጣም» አለች። «አራተኛ ሳምንቱ። አንድ ሽማግሌ ከአንበሳሜ ድረስ መጥተው ‹ወረቀቱ ላይ አለ ይላል እኮ፣ ልጄ› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወረቀቱ ላይ አለ።» ስለ ቤቱ አላነሣችም፤ ያልተነሣው ነገር ግን ከሁለቱ መካከል፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። ቆይታ፣ ትልቁን ቁራጭ በእንጀራ ጠቅልላ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ሳህኖቹ ከተነሡ በኋላ ስልኩን አውጥቶ በተማሪዎቹ የቴሌግራም ቡድን ጻፈ። «የነገው ትምህርት ክፍል ውስጥ አይደለም። ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ የዓሣ ማውረጃው ጋ፣ ሾላው ሥር። ያረጀ ልብስ ልበሱ። ቢላ ያለው ይያዝ።» አርባ ሰባት ተማሪዎች አሉ። ሠላሳ ስምንቱ አዩት። ለረጅም ጊዜ የመለሰ አልነበረም። አገርነሽ እቃ እያጠበች «ይመጣሉ?» አለችው፤ ትከሻውን ነቀነቀ። ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ምሥጋና የምትባል፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓመቱን ሙሉ አንድም ጥያቄ ጠይቃ የማታውቅ ልጅ ናት። ጮክ ብሎ ለሚስቱ አነበበላት።

«ዶክተር፣ ይሄ ለፈተና ይመጣል?»

አገርነሽ ሳቀች፤ እጇ ላይ አረፋው እንዳለ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው። ይትባረክ ትንሽ አሰበ። «ይመጣል» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ተነሥቶ የታጠቡትን ሳህኖች ለማድረቅ ፎጣ ፈለገ።